ድርቤ ኢዶሳና የአማቷ ቅቤ

ድርቤ ኢዶሳ ከማግባቷ በፊት የምትታወቀው በእግሯ ነበር። ከትውልድ መንደሯ ከቢላ ቅቤ በጀርባዋ አዝላ ትነሳለች፤ መንገድ ላይ እያደረች፣ ጉቴ ላይ አረፍ ብላ ነቀምት ገበያ ትገባለች። አብረዋት የሚነሱት ነጋዴዎች በቅሎ ነበራቸው፤ በቅሎዎቹ ግን ከእሷ በኋላ ይደርሱ ነበር። ምክንያቱን ሲጠይቋት፣ በቅሎ በመንገዱ ላይ ሣር ስለምታይ ነው ትል ነበር።

ረጅም፣ ቀጭንና ተከራካሪ ነበረች። የወር አበባዋ ወሩን ጠብቆ ይመጣል። መንገድ ላይ ሲደርስባት ትራገማለች፣ ወንዝ ወርዳ ትታጠባለች፣ ጉዞዋን ትቀጥላለች። ከዚህ በላይ አስባበት አታውቅም።

ባሏ ታፋ ነመራ ነቀምት ገበያ ዳር በረንዳ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። የተዋወቁት ቀሚስ ልታሰፋ ሄዳ ነው። ታፋ ትከሻዋን ለካ፤ ረሳሁት ብሎ ደግሞ ለካ። ሦስተኛ ሊለካ ሲል፣ የቢላ ሴት ትከሻ በየደቂቃው አይሰፋም አለችው። በዓመቱ ጥር ላይ ተጋቡ። ጊዜው ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው።

የታፋ እናት ወይዘሮ ሸዋርጋ የሸዋ ወታደር ልጅ ናቸው፤ ነቀምት ተወልደው፣ ነቀምት አርጅተው፣ በሁለት ቋንቋ ይቆጡ ነበር። ባላቸው ኦቦ ነመራ ከሞቱ ወዲህ ሁለት ነገር ቀርቷቸዋል፤ ልጃቸው ታፋና የቅቤ ጓዳቸው። ከሁለቱ በጥንቃቄ የሚጠበቀው ጓዳው ነበር። በቤቱ ሕግ የወር አበባዋ የመጣ ሴት ወደ ጓዳው አትገባም፤ ቅቤው ይበላሻል ይባላል። እንዲህ ያለችው ሴት እሑድም ቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። በዚህ ምክንያት ወይዘሮ ሸዋርጋ ቤት ውስጥ የማንም ሴት ወር ለማንም ምስጢር አልነበረም።

ሙሽራዋ እንደገባች ወይዘሮ ሸዋርጋ ደንባቸውን ተናገሩ። የነመራ ቤት ሙሽራ እግሯ አፈር አይነካም፤ ቀጭን ሙሽራ ደግሞ ለቤቱ ስድብ ነው። ድርቤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ጠዋት ጩኮ ይቀርብላታል፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ፣ ቆሪ በሚሉት የእንጨት ገበታ ሙሉ። ምሳ ላይ አንጮቴ የሚሉት ሥር ቅቤ ውስጥ ይዋኛል። ማታ ወተት በማር። ጾም ሲገባ በቅቤው ፋንታ ኑግ ይተካል እንጂ የገበታው ቁመት አይቀንስም። ድርቤ አልተቃወመችም። ዕድሜዋን ሙሉ ቅቤ ሸጣለች፤ ስትበላው ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ልማዷ ተዛባ። አንድ ወር ዘለለ፣ መጣ፣ ሁለት ወር ዘለለ፣ ከዚያ ጠፋ። ወይዘሮ ሸዋርጋ ምራታቸው ጓዳ መግባት አንድም ቀን አለማቋረጧን ልብ አሉ። ማንንም ሳይጠይቁ በር ላይ ወጥተው እልል አሉ።

ጎረቤት ሁሉ መጣ። የመጣው ሁሉ ቅቤ ይዞ መጣ። እስከዚያ ቀን የነበረው ለሙሽራ የሚሰጥ ምግብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ምግብ ተጨመረ። ድርቤ ልማዷ የቀረው እየወፈረች ስለሄደች ነበር፤ ልማዷ ስለቀረ ደግሞ የበለጠ እንድትወፍር ተደረገ። ነገሩን ማንም በዚህ መልክ አላየውም።

ሆዷ ገፋ። ወይዘሮ ሸዋርጋ ገፋ ማለቱ ብቻ አልበቃቸውም፤ ለሰው ማሳየት ፈለጉ። በቡና ነጋዴው በአበጋዝ መጋዘን ውስጥ ከወራጁ ላይ የተንጠለጠለ ሚዛን ነበር። ድርቤን በጋሪ ወስደው የቡና ጆንያ በገመድ አሳስረው ውስጡ አስቀመጧት። አበጋዝ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምት ከከረመ ቆይቷል፤ ኦሮምኛው ከአማርኛው ይሻላል። ሚዛኑን አየ፣ ድርቤን አየ፣ ወራጁን አየ። ከአምስት ፈረሱላ ያልፋል አለ። ሴቶቹ እልል አሉ።

«አዴ ሸዋርጋ፣ ቡና ቢሆን ኖሮ እርጥብ ነው ብዬ እመልሰው ነበር» አለ።

ድርቤ ከጆንያው ውስጥ ሆና ሳቀች። ወራጁ ሲንቋቋ ሳቋን አቆመች።

ቀድሞ የተጠራጠረው ታፋ ነው። የሚስቱን ቀሚስ የሚያሰፋው እሱ ነበር። አንድ እሑድ ከቤቱ ሰዎች ተለይተው ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ እየፈራ ነገራት።

«ወገቡን አሰፋሁት። እጅጌውንም አሰፋሁት። አሁን አንገቱን እያሰፋሁ ነው። ልጅ አንገት ላይ አይፀነስም፣ ድርቤ።»

ድርቤም አውቃለች። ሆዷ ውስጥ ከመብል በቀር ምንም ተንቀሳቅሶ አያውቅም። ግን ይህን ለማን ትናገራለች? እርጉዝ አይደለችም ከተባለ መካን ናት ይባላል። መካን ናት ከተባለ ወደ ቢላ ትመለሳለች። ታፋን ትወደዋለች፤ ትከሻዋን ሦስቴ ለመለካት የሚሞክር ሌላ ሰው አታገኝም።

የመውለጃዋ ወር መጣ፣ አለፈ። ወይዘሮ ሸዋርጋ አልተደናገጡም። ልጁ ሆዷ ውስጥ ተኝቷል አሉ። የተኛ ልጅ የወለዱ ሴቶች ዘመድ ተብዬዎች ከየሰፈሩ ተጠርተው መሰከሩ። አንዷ የአክስቷ ልጅ ሆድ ውስጥ ተኝቶ ሲወለድ ጥርስ እንደነበረው ተናገረች። ድርቤ ያ ልጅ አሁን የት ነው ብላ ጠየቀች። ቀረጥ ሰብሳቢ ሆኗል ተባለች፤ ሁሉም ይህን አመኑ።

ግንቦት ላይ ታፋ ሚስቱን አበጋዝ መጋዘን እወስዳታለሁ ብሎ በጋሪ ክሊኒክ ወሰዳት። ሲስተር ሐረግወይን ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች አዋላጅ ነርስ ናት፤ ወፍራም፣ ፈጣን፣ ለወሬ ጊዜ የላትም። ሆዷን በሁለት እጇ ዳሰሰች፣ ጆሮዋን ወደ መስሚያው አስጠግታ አዳመጠች፣ ብዙ ጠየቀች። ምን ትሠሪ ነበር፣ አሁን ምን ትሠሪያለሽ፣ ምን ትበያለሽ። ድርቤ የገበታውን ዝርዝር ስትናገር ሲስተር መሀል ላይ አስቆመቻት።

«ልጅ የለም። ጩኮ ነው።»

ድርቤ እፎይ ትበል ወይስ ታልቅስ አልወሰነችም። ተከራካሪነቷ ቀደመ። «ሲስተር፣ እርስዎም እኮ ቀጭን አይደሉም» አለች።

«አይደለሁም። የእኔ ወር አበባ ግን ይመጣል። ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። አንዷ ትወፍርና ምንም አይላትም፤ ሌላዋ በአንድ ጊዜ ስትወፍርና ቁጭ ስትል ይቀርባታል። በረሃብ የከሳችም ይቀርባታል። ጭንቀትም ያስቀራል። ሌላ በሽታም ያስቀራል፤ ያንን እየተመላለስሽ አይልሻለሁ። ለጊዜው ቅቤውን ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ።»

ድርቤ የፈራችውን ጠየቀች። መካን ነኝ ወይ አለች። ሲስተር ሐረግወይን ይህን ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም አለች፤ ቀጣዩን ታካሚ ጠራች።

ድርቤ ቤት ተመልሳ ለአማቷ ሁሉንም ነገረች። ወይዘሮ ሸዋርጋ ልጅ የለም መባሉን ተቀምጠው ሰሙ። ጥፋቱ የቅቤ ነው ሲባል ተነሱ። የእሳቸውን ቅቤ የገዥው ሚስት ልካ አስገዝታለች፤ ጳጳስ ሲመጡ ከእሳቸው ጓዳ ሄዷል። ቅቤ ሴት አመከነ የሚል ሰው በነቀምት ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቁርጡን አስታወቁ። የተኛው ልጅ እስከ መስቀል ድረስ ካልተወለደ ወደ አባትሽ ቤት ትሄጃለሽ፣ ልጄም ሌላ ያገባል አሉ። ታፋ አላገባም አለ። አንተ ስፌትህን ስፋ ተባለ።

በሳምንቱ ምንትዋብ መጣች። የባሻ ሀብተጊዮርጊስ ልጅ ናት። ባሻ ጡረታ የወጡ ወታደርና የወይዘሮ ሸዋርጋ የድሮ ወዳጅ ናቸው። የጎረቤት አህያ ጎመናቸውን በላች ብለው በጠመንጃቸው ተኩሰው፣ አህያዋን ስተው የራሳቸውን የጠላ ጋን የሰበሩ ሰው ናቸው። ልጅቷ የመጣችው ነፍሰ ጡሯን ለማገዝ ነው ተባለ። ሰፈሩ ግን ምን ልትሆን እንደመጣች ያውቃል። ድርቤም ታውቃለች። የማያውቁት ባሻ ብቻ ነበሩ።

ምንትዋብ እንደ ሸንበቆ የቀጠነች ነበረች። ወይዘሮ ሸዋርጋ ይህን አይተው ገበታውን ሁለት አደረጉት። ፍልሰታ ሲደርስ ልጅቷ ደካማ ናት ብለው ከጾሙ እንድትቀር የንስሐ አባታቸውን አስፈቀዱላት። ልጅቷ የታጨችለት ነገር ይግባት አይግባት አይታወቅም፤ ቆሪው ሲመጣ ግን አትነጋገርም ነበር።

ድርቤ ልትጠላት አስባ ነበር። አልቻለችም። በሁለተኛው ቀን ምንትዋብ አፏ እንደሞላ ዞር ብላ፣ «እትዬ ድርቤ፣ እኛ ቤት ቅቤ ለፀጉር ብቻ ነው የሚወጣው» አለቻት።

ድርቤ ድርሻዋን ወደ እሷ ገበታ ማሻገር ጀመረች። አማቷ ሲገቡ የድርቤ ቆሪ ባዶ ነው፤ ይደሰታሉ። አማቷ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ድርቤ ቤቱን ትዞራለች፤ በእንሰቱ ጀርባ አልፋ፣ በከብቶቹ በረት በኩል፣ ደግሞ በእንሰቱ። መጀመሪያ ሁለት ዙር እንደዞረች ቁና ቁና ትተነፍስ ነበር። በነሐሴ ላይ ውሻው እየተከተላት ደክሞት ይተኛል። ታፋ ቀሚሱን አጠበበው፤ አማቷ እንዳያዩ ግን ከላይ ጋቢ ትደርብበታለች። ምንትዋብ ተቀምጣ ትበላለች፤ ማንም ዙሪ አላላትም።

መስከረም ገባ። በመጀመሪያው እሑድ ወይዘሮ ሸዋርጋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው ሳለ ከጎናቸው ያለችውን ምንትዋብን አዩ። ወፍራለች፤ ጉንጯ ያበራል፤ ደስ አላቸው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ይህች ልጅ ከሐምሌ ወዲህ አንድም እሑድ አጥር ውጭ ቆማ አታውቅም። ጓዳም አንድም ቀን አልገባም ብላ አታውቅም። ቅዳሴው ሳያልቅ ይዘዋት ወጡ።

ቤት ደርሰው በሩን ዘጉ። ማን ነው አሏት። ምንትዋብ ማን ማን ነው አለች። ሆድሽ የማን ነው አሏት።

«የእርስዎ ነው» አለች ምንትዋብ። «የሚያበሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

በቤቱ ውስጥ ያለው ወንድ አንድ ነው፤ እሱም ልጃቸው። ወይዘሮ ሸዋርጋ በረንዳው ድረስ ሄደው ታፋን ጠየቁት። ታፋ መቀሱን ጣለ። ምንትዋብን ከቆሪ ጀርባ እንጂ በሌላ ቦታ አይቷት እንደማያውቅ በአባቱ አጥንት ማለ። አመኑት፤ ግን ባሻ እንደማያምኑ አወቁ። ባሻ አህያ ቢስቱም ሰውን ላይስቱ ይችላሉ፤ የሰው ቁመት ይረዝማል።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ሸዋርጋ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ክሊኒክ ሄዱ። ምንትዋብን በሁለት ጋቢ ሸፍነው ነበር፤ ሰው እንዳያውቃት ነው፤ ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። ሲስተር ሐረግወይን ዳሰሰች፣ አዳመጠች፣ ጠየቀች። ልጅቷ አላረገዘችም፣ እንደዚያችኛው ናት አለች። ከዚያ ልጅቷን ማን እንደሚቀልባት ጠየቀች። ወይዘሮ ሸዋርጋ ጣሪያውን አዩ።

ወሬው ከጋሪው ቀድሞ ሰፈር ደርሷል። በመስቀል ዋዜማ ባሻ ሀብተጊዮርጊስ ጠመንጃቸውን ይዘው፣ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ጃራ ነበሩ፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ጆሯቸው ግን የማይስት። ጠመንጃው ደጅ ይቀመጥ አሉ። ባሻ አልፈለጉም፤ ወይ ጠመንጃው ይገባል ወይ እኔ እገባለሁ ሲሏቸው ግን ትተውት ገቡ።

ባሻ ቆመው ተናገሩ። ልጄን ለእገዛ አምኜ ሰጠሁ፤ በዚህ ቤት ውስጥ ተበላሸች፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ወንድ ታፋ ነው፤ ደሜን እመልሳለሁ። ታፋ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ድርቤ ከጎኑ ናት። ምንትዋብ ሽማግሌዎቹ ፊት የቀረበውን ቆሎ ታያለች።

ወይዘሮ ሸዋርጋ ዝም ቢሉ ልጃቸው ይሞታል፤ ቢናገሩ ቅቤያቸው ይዋረዳል። 

«ልጅቷ አላረገዘችም» አሉ በመጨረሻ። «ሲስተሯ አይታታለች። ወሯ የቀረው… ከምግቡ ነው።»

«ከምን ምግብ?» አሉ ኦቦ ጃራ።

«ከጩኮው።»

«ጩኮማ የገብስ ዱቄት ነው፣ አዴ ሸዋርጋ። ገብስ ነው ያስቀረው?»

«ገብሱ አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ቅቤው ነው» አሉ ወይዘሮ ሸዋርጋ። ጥርስ እንደተነቀለባቸው ሰው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ቶሎ ብለውም ቅቤው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን በዝቶ ነው፣ ልጅቷም ከመቀመጫዋ አልተነሳችም፣ ሲስተሯ ይህን ጨምራ ብላለች አሉ።

ባሻ ልጃቸውን አዩ። ከላይ እስከ ታች ለማየት ጊዜ ወሰደባቸው። ስትሄድ በአንድ እጄ አንስቼ በቅሎ ላይ አስቀምጫት ነበር አሉ፤ ንዴታቸው ወደ መገረም ተለወጠ። ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ኦቦ ጃራ ግን ገና አልጨረሱም። ዓይናቸው ከምንትዋብ ተነስቶ ድርቤ ላይ አረፈ፤ የሁሉም ዓይን ተከተለ።

«ይቺ ምራትሽስ?»

«እሷም» አሉ ወይዘሮ ሸዋርጋ።

«እንግዲህ የተኛ ልጅ የለም።»

«የለም።»

«መካን ናትም አይባልም።»

ወይዘሮ ሸዋርጋ ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሱ። አይባልም አሉ።

ባሻ እዚህ ላይ አንድ ነገር ተገለጠላቸው። ድርቤ ካላረገዘች ልጃቸው ማንን ልታግዝ ነው የመጣችው? ጠየቁ።  ምንትዋብ ቆሎውን አፍሳ እየያዘች፣ ታፋን ላገባ ነበር እኮ አባባ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል አለች። ባሻ ወደ በሩ ዞሩ፤ ኦቦ ጃራ በከዘራቸው መንገዱን ዘጉባቸው። ጩኸት ሆነ። በጩኸቱ መሀል ድርቤ ተናገረች፤ የቢላ ገበያ ድምፅ ስለሆነ ሁሉም ሰማው።

«መውለድ አለመውለዴ ተቀምጬ አይታወቅም። ልነሳና ይታወቅ። ከዚህ ቤት የምወጣ ከሆነ ለገበያ ነው የምወጣው፤ ሸጬ እመለሳለሁ። ካልሆነ ደግሞ አሁኑኑ ንገሩኝ፣ ሳይመሽ መንገድ ልጀምር።»

ኦቦ ጃራ ታፋን አዩት። ታፋ ሕዝብ ፊት ተናግሮ አያውቅም። አንድ ሚስት ብቻ ነው ልክ የማውቀው፣ ሌላ አልለካም አለ። ጥሩ አነጋገር አልነበረም፤ ግን በቂ ነበር። ኦቦ ጃራ ፈረዱ። ከዚህ ቤት ሚስት አይወጣም፣ ሚስት አይገባም፤ ምንትዋብ ከአባቷ ጋር ትሂድ፤ ድርቤ የምትበላውን ራሷ ትመጥን፣ እግሯ ወደ ወሰዳት ትሂድ። ወይዘሮ ሸዋርጋ እሺ አሉ። ምንትዋብ የቀረውን ጩኮ ይዛ መሄድ ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ባሻ ከበቅሎዋ ጎን በእግርሽ ትሄጃለሽ አሏት። ጉንጯን እየነፋች ተከተለቻቸው።

ድርቤ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ የቅቤ ንግዷን ያዘች። ታፋ ብቻዋን አትሄድም ብሎ የመጀመሪያውን ጊዜ ተከተላት፤ ሕይወቱን ተቀምጦ የኖረ ሰው ነውና ከከተማ ሳይወጡ ጫማውን አወለቀ። ከዚያ በኋላ እየለመደ ሄደ። እሷም መጀመሪያ ላይ በየአቀበቱ ትቆም ነበር፤ ቀስ እያለች መቆሙን ተወች። ሲስተር ሐረግወይን በየጊዜው አየቻት፤ ቀጥይ ከማለት በቀር ብዙ አልተናገረችም። ልጅ በኋላ መጣ፤ አንድ ሳይሆን አራት። ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት የመጣው ኅዳር ላይ፣ ጉቴ፣ መንገደኛ በምታሳድረው በአዴ ቀለሟ ቤት ነው። ታፋ ቁርሱን እየበላ ነበር። ድርቤ ከጓሮ እየሮጠች ገባችና፣ መጣ አላለችም፣ ዳር ዳሩንም አላለችም፣ የወር አበባዬ ነው አለችው። ቤቱ ውስጥ አምስት ጭነኞች ነበሩ። ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቀለሟ ልጅቷ ታማለች ብላ ውሃ ልታመጣ ተነሳች።

ታፋ በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚባል አያውቅም። ማንም አስተምሮት አያውቅም። እጁን ጠራርጎ ተነሳና፣ «እንኳን ደስ አለሽ» አላት።

ከጭነኞቹ አንዱ ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ ነገሩ ያልገባው ቢሆንም፣ አሜን አለ። ድርቤ የቅቤውን ቅል አነሳች። ገበያው እያለፈን ነው፣ ና አለችው።